በዘፈን የሞላሁት ዲስክ

አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ለሰው አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ሰክሬ መግባቴን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህ ጋ ስደርስ ግን ምላሴ ይያዛል። አንድ ጊዜ ብቻ ጫፉን አነሳሁት። «አባ፣ የሰው ነገር አጥፍቻለሁ» አልኳቸው። «ዕቃ ነው?» አሉኝ። «ጽሑፍ ነው» አልኩ። «እንግዲህ ወረቀት ገዝተህ ተካ» አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ። ላስቆማቸው እችል ነበር። አላስቆምኳቸውም። ቀሎኝ ወጣሁ፤ የቀለለኝ ግን ስላመለጥኩ እንጂ ስለተናዘዝኩ አልነበረም።

ስለዚህ ለእናንተ እናገራለሁ። ፊታችሁ ሲለወጥ የማላያችሁ ናችሁና።

ያጠፋሁት ይህ ነው፦ አንድ ሽማግሌ ሠላሳ ዓመት የጻፉትን ከኮምፒውተራቸው ላይ ሆን ብዬ አጠፋሁ። ተሳስቼ አይደለም። እጄ አዳልጦት አይደለም። ከዚያም ጥፋቱን ምንም ባላደረገች ልጃቸው ላይ ጣልኩት። የቀረው ሁሉ ይህ እንዴት እንደሆነ ነው፤ እንዴት እንደሆነ መናገር ደግሞ ይቅርታ መለመኛ እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ አስመስዬዋለሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጅማ፣ ጊንጆ ውስጥ፣ አንድ ኮምፒውተር ጥገና ቤት እሠራ ነበር። ጠባብ ቤት ናት፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ ይቆማል። የቤቱ ባለቤት ነስሩ ይባላል፤ ከእኔ በስድስት ዓመት የሚበልጥ፣ ቀልድ የማያልቅበት የጅማ ልጅ። እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣልኝም። ኮምፒውተሩንም ግጥሙንም ያስተማረኝ የለም። ኮምፒውተሩን እያበላሸሁ ተማርኩት፤ ግጥሙን ደግሞ ሽፋናቸው ከወደቀ አሮጌ መጻሕፍት። የተከራየኋት ክፍል ዳቦ ቤት ጀርባ ነበረች። ግጥም ጽፌ ስጨርስ የማነብለት ሰው ስለሌለኝ ስልኬ ላይ እቀዳውና ራሴ አዳምጠው ነበር። ከዚያ አጠፋዋለሁ። ነስሩ ይህን አያውቅም፤ ግጥም መጻፌን ግን ያውቃል፤ ለዚህም አልማረኝም። «ገጣሚው፣ ያቺን ፕሪንተር በእጅህ ነው ወይስ በግጥም የምትጠግናት?» ይለኛል፣ ደንበኛ ፊት።

ጋሼ ደምሴ ወደዚህ ቤት የመጡት አማርኛ መተየብ ሊማሩ ነው። ሊሙ ገነት የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከሸዋ ለሥራ መጥተው እዚያው የቀሩ። ሥራቸው ቡና መቅመስ ነበር። በማንኪያ ሳብ አድርገው፣ ተፍተው፣ «ይሄ ከየቡ በኩል የመጣ ነው፤ ማድረቂያው ላይ ዝናብ መትቶታል» የሚሉ ዓይነት ሰው። ከሥራው ጎን ደግሞ በየለቀማው ወቅት አንዳንድ፣ አንዳንዴም አምስት ስድስት ግጥም በደብተር ይጽፉ ነበር። ግጥም አይሉትም። «ማስታወሻዬ» ነው የሚሉት። አንዱን ደብተር ምስጥ በላባቸው። በዚያ ደንግጠው ያገለገለ ኮምፒውተር ገዙ፤ ምስጥ የማይደርስበት ቦታ ነው ብለው። አንድ ገጽ ተይበው በጨረሱ ቁጥር የደብተሩን ወረቀት ቀደው ለእሳት መለኮሻ ይሰጡ ነበር። አትፍረዱባቸው፤ ያኔ ብዙ ሰው እንዲህ ነበር። ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ነገር ሊጠፋ ይችላል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ሦስት ቅዳሜ አስተማርኳቸው። በአንድ ጣት ነበር የሚተይቡት፤ ፊደሉን ጮክ ብለው እየጠሩ። «አንተ ልጅ፣ ይቺ ‹ጨ› የት ገብታ ተደበቀች?» ይላሉ። ያገኟት ጊዜ ደግሞ ዶሮ እንደያዘ ሰው ይስቃሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ ኮምፒውተራቸውን አስጭነው አመጡና ከፈቱልኝ። «ግጥም ትሞክራለህ አሉኝ። እስቲ እየው፤ ሽማግሌ ነው ብለህ አትራራልኝ» አሉኝ።

ቁጭ ብዬ አነበብኩ። አብዛኛው ተራ ነበር፤ ዝናብ፣ ዋጋ፣ የመንገድ ብልሽት። በመካከሉ ግን ይቺ ነበረች፦

ቀዩን ለቅሜ ቅርጫቴን ሞላሁ፣
አረንጓዴውን ነገ እላለሁ፤
ነገ ደረሰ፤ ቀላ ፍሬው፣
ዛፉም አለ፤ የለም ለቃሚው።

መጀመሪያ የተሰማኝ አድናቆት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ቅናት ነው የተሰማኝ። አራት ዓመት ቃል ስገለባብጥ፣ ቤት ስመታ፣ ቤት ሳፈርስ ኖሬ አንድም ጊዜ እንዲህ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር አልወጣኝም። እኚህ በአንድ ጣት የሚተይቡ ሰውዬ ግን ግጥም መሆኑን እንኳ ሳያውቁ ጽፈውታል። ምን አልኳቸው? «ጥሩ ነው ጋሼ፤ ይቺኛዋ ግን ትንሽ ደከም ትላለች» አልኳቸው። ይቺኑ። አንገታቸውን ነቀነቁ። «እውነትህን ነው። ለአንዲት ለቃሚ የጻፍኳት ናት፤ ወባ የገደላት። ግጥሟ ቢደክምም እሷን ብዬ ከማስታወሻው አላወጣትም» አሉ። ከግጥሙ ሥር የሴትየዋን ስም፣ የመጣችበትን አገርና ዓመቱን ጽፈው ነበር።

ማታውን በቃሌ ነበረች። እንድይዛት አልታገልኩም፤ ራሷ ያዘችኝ። እዚህ ድረስ ኃጢአት የለብኝም ልበል?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣቶች የግጥም ምሽት አዘጋጁ። የራሴን ሁለት ግጥም አነበብኩ፤ ሰው ወንበር እየሳበ ያወራ ነበር። ከዚያ ሳላስበው፣ ወይም ሳላስበው ነው እያልኩ፣ ያቺን አራት መስመር ጨመርኩ። ሴትየዋን አላነሳሁም፤ ስሟንም አልጠራሁም። ወንበር መሳቡ ቆመ። ቀጥሎ ጭብጨባ። እስከዚያን ቀን ድረስ ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ የልደት ቀን እንኳ ተከብሮልኝ አያውቅም። አንዱ «ይቺ የማን ናት?» ብሎ ከኋላ ጮኸ። «የእኔ ናት» አልኩ። ሁለት ቃል። እነዚህን ሁለት ቃላት ባልል ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣው ምንም ነገር ባልመጣ ነበር።

ግጥሟ በሞባይል መልእክት ከሰው ሰው ሄደች። ባጃጅ ውስጥ የማላውቀው ልጅ ለእኔው ሲያነብልኝ ሰማሁ። «ለቃሚው» የሚል ስም ወጣልኝ። ነስሩ እንኳ ለአንድ ሳምንት ያህል ከቀልዱ አረፈ። እኔ ግን ስሜ በተጠራ ቁጥር ከበፊቱ የባሰ ብቻዬን ሆንኩ። በፊት ብቻዬን ስሆን ቢያንስ ራሴ አብሮኝ ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰላማዊት መጣች። የጋሼ ደምሴ አንድ ልጅ ናት፤ እዚያው ሊሙ ገነት ታስተምራለች። ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው ያመጣችው። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ክንዷን አሸት አሸት አደረገች።

«አልነሳ አለ» አለችኝ። «ጥቁር ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ይጽፍና ዝም ነው።» ከዚያ ድምጿን ቀነስ አደረገች። «ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬን የሠርግ ፎቶ ለአባዬ ላሳየው ብዬ ፍላሼን ሰክቼበት ነበር። ከእሱ ይሆን እንዴ?»

«እስቲ አየዋለሁ።»

«አደራህን። ሌላው ይቅር፤ ማስታወሻው። ዓይኑ እየሄደ ነው። አንደኛው አልቋል ብሎታል ሐኪሙ። ሁለተኛው ሳይሄድ ታትሞ ማየት ነው የሚፈልገው።»

ነስሩ ከኋላ ሆኖ «አይዞሽ እህቴ፤ ገጣሚው እጅ ከገባ ዘፈን እየዘፈነ ነው የሚነሳው» አላት።

ሳቀች። «አባዬማ ወዳንተ ላምጣው ስለው ደስ ነው ያለው። መግቢያውን አንተ እንድትጽፍለት ይፈልጋል እኮ። ‹ልጁ እውነቱን ነው የነገረኝ፤ የደከመችውን ደከመች ብሎኛል› ይላል።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። መጽሐፉ ሊወጣ ነው። ያቺ ግጥም ከነሴትየዋ ስም፣ ከተጻፈችበት ዓመት ጋር ልትወጣ ነው፤ እኔ ገና ሳልወለድ የተጻፈች ናት። አንድ መቶ ቅጂ ጅማ ውስጥ ቢሠራጭ ይበቃል።

ሌላ መንገድ ነበረኝ። ሊሙ ገነት ሄጄ «ጋሼ፣ ሰርቄዎታለሁ» ማለት ነበረብኝ። ምን ያደርጉኝ ነበር? ዛሬ ሳስበው የሚስቁ ይመስለኛል። «ደከመች አላልክም ነበር እንዴ?» ብለው ይስቁ ነበር። ውርደቱ በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር። ይህን ያኔም አውቀው ነበር፤ እንደዛሬው ጥርት ብሎ ባይሆንም አውቀው ነበር።

ዓርብ ዓርብ ነስሩ ጁምዓ ሰግዶ፣ እናቱ ቤት ምሳ በልቶ ነው የሚመለሰው። እስከ አሥር ሰዓት ሱቋ የእኔ ብቻ ናት። የዊንዶውስ ኤክስፒውን መጫኛ ሲዲ አወጣሁ። አዲሱ ዊንዶውስ መጥቶ ነበር፤ የጋሼ ደምሴ አሮጌ ማሽን ግን አይሸከመውም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ነበር ይህን ሲዲ ያስቀመጥነው። ጭረት የበዛበት፣ ቁልፍ ቁጥሩ ፊቱ ላይ በማርከር የተጻፈ። በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩት። አልቸኮልኩም። ብቸኩል ዛሬ ለራሴ የምለው ነገር ይኖረኝ ነበር።

ሲዲው ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ በነጭ ፊደል ይጠይቃል። የቆየውን ዊንዶውስ አገኘው። ልታስተካክለው ከፈለግክ የእንግሊዝኛዋን አር (R) ተጫን አለኝ። ይህን እወቁልኝ፦ አር መጫን ይበቃ ነበር። የጎደለችው አንዲት ፋይል ትተካለች፤ የሰውየው ጽሑፍ በነበረበት ይቆያል። ይህንንም ካልፈለግኩ ዲስኩን ነቅዬ በእኛ ማሽን ላይ ሰክቼ ጽሑፉን መገልበጥ እችል ነበር። ለሁሉም ደንበኛ የምናደርገው ነው፤ ገልብጠን፣ አጽድተን፣ እንደ አዲስ ጭነን፣ የገለበጥነውን እንመልሳለን። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው።

አርን አለፍኩት። ዲስኩ አንድ ክፍል ብቻ ነበረው፤ ሁሉም ነገር እዚያ ነው። ለማጥፋት ዲ ተጫን ይላል። ዲ ተጫንኩ። ይህ ክፍል ዊንዶውስ ያለበት ነው፤ ለመቀጠል ኢንተር ተጫን አለኝ። ኢንተር ተጫንኩ። በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ማጥፋቱን ከፈለግክ ኤል ተጫን አለኝ። ዲ በኪቦርዱ በግራ በኩል ናት፤ ኤል በቀኝ። የተሳሳተ ጣት ከዚያ ወደዚህ አይደርስም። ኤል ተጫንኩ።

እንደዚህ ነው ያደረግኩት። ሦስት ጊዜ ተጠየቅኩ፤ ሦስት ጊዜ እሺ አልኩ።

ጊንጆ ውስጥ መብራት ሳይጠፋ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ይቀራል የሚለው ገጽ ሲመጣ ወንበሬን ሳብ አድርጌ መብራቱ እንዲሄድ ጠበቅኩ። ቢሄድ ምን እንደሚጠቅመኝ አላውቅም፤ የጠፋው ጠፍቷል። ብቻ የሆነ ሰው ወይም የሆነ ነገር መጥቶ በቃ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። ውጭ ባጃጆች ያልፋሉ፤ አንዲት ሴት ከጎረቤት ሱቅ ጋር በኦሮምኛ ስለ ሳሙና ትከራከራለች። ማንም አልገባም። መብራቱም አልሄደም። አረንጓዴው ኮረብታና ሰማያዊው ሰማይ ስክሪኑ ላይ መጣ። ባዶ፣ ንጹሕ።

«እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር፤ እኔ ብሆን ኖሮ የማቆመው እዚህ ነበር» ትሉ ይሆናል። እኔ አላቆምኩም። ነስሩ የጠፋ ነገር የሚያወጣ ፕሮግራም ነበረው። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ፎቶ አንሺ ፎርማት አድርጎ ያጠፋውን ዲስክ ይዞ እያለቀሰ መጥቶ ነበር፤ ነስሩ የሁለት ሠርግ ፎቶ አውጥቶለታል። ያኔ የነገረኝን አስታወስኩ፦ ዲስኩ ላይ አዲስ ነገር እስካልተጫነበት ድረስ የጠፋው ከሥር አለ። ሲጫንበት ነው የሚሞተው።

በእኛ ቤት ደግሞ አንድ ደንብ ነበር። ደንበኛ ባዶ ኮምፒውተር ይዞ አይወጣም። አጽድተን ስንመልስ ዘፈን፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ ፊልም፣ እንደየሰዉ ሞልተን እንሰጣለን፤ ስጦታ ነው፤ ደንበኛ የሚመላለሰው በዚህ ነው። ስለዚህ የጋሼ ደምሴን ዲስክ ሞላሁት። ቤቱ ውስጥ ያለውን ዘፈን ሁሉ፣ ከዚያ የህንድ ፊልም፣ ከዚያ ቦታ ሲተርፍ ያንኑ ዘፈን በሌላ ስም ደግሜ። ባዶ ቦታ የለም እስኪለኝ። በስጦታ ቀበርኩት። ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ነገር ነበረኝ፦ ደንባችን ነው።

ቅዳሜ አባትና ልጅ አብረው መጡ። ጋሼ ደምሴ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ነበር። እግራቸው ደፉን እየፈለገ ነው የገቡት፤ ሦስት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ዓይናቸው እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

«እህሳ፣ ዳነልኝ?» አሉ።

«ማሽኑ ድኗል ጋሼ። ጽሑፉ ግን… ቫይረስ ነው። በፍላሽ የሚገባ ዓይነት ነው፤ ሁሉንም በልቶታል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እጃቸውን ማሽኑ ላይ አሳረፉ፤ የታመመ ከብት እንደሚዳስስ ሰው ወዲያ ወዲህ አደረጉት። እኔ ሰላማዊትን አላየኋትም፤ ላለማየት ኪቦርዱን አየሁ። ድምጿን ግን ሰማሁ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያመጣሁት። ፍላሼን ሰክቼበት ነበር።»

ይህን ስሙልኝ። ምንም ያላደረገች ሴት፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ በአንድ ትንፋሽ ተናዘዘች። ሁሉን ያደረግኩት እኔ በመካከላቸው ቆሜ ዝም አልኩ። አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ከዲስኩ ይልቅ፣ ከዘፈኑ ይልቅ፣ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታ ነው።

ጋሼ ደምሴ እጃቸውን ከማሽኑ ላይ አነሱ። ከዚያ «ተይው፤ ዕቃ ነው» አሉ። ወደ ልጃቸው ግን አልዞሩም።

ነስሩ ከወንበሩ ተነሳ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ጋሼ፤ ሜ፣ እስቲ ተስፋ አንቁረጥ። ማውጫ ፕሮግራሙ አለ። ገጣሚው፣ ምንም አልጫንክበትም አይደል?»

«ዘፈን ጭኜበታለሁ።»

«ስንት?»

«ሞልቷል።»

አየኝ። ነስሩ ሲያይ ሁሌም ዓይኑ ጫፍ ላይ ቀልድ አለ፤ ያን ጊዜ አልነበረም። «የሰው ነገር ጠፍቶ ዘፈን ሞላህበት? ማሎ፣ በናትህ፣ ምን ነካህ?» አለኝ ቀስ ብሎ። ደንባችን ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም፤ ዓርብ ዓርብ ግን ሱቁን ዘግቶ መሄድ ጀመረ። ምን ያህል እንደገባው አላውቅም። ጠይቄው ባውቅ ኖሮ ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ሸክሜን በተጋራሁ ነበር።

ጋሼ ደምሴ አንድ ጊዜ ተመልሰው መጥተው ነበር፤ ፊደሉን ስክሪኑን እስኪሞላ እንዳተልቅላቸው። እንደገና ሊጽፉት አስበው ነው። አተለቅኩላቸው። አንድ መስመር ተየቡና ቆሙ። «ዘመኑ ትዝ ይለኛል፤ ቃሉ ነው የጠፋኝ» አሉኝ። አጠገባቸው ቆሜ፣ ያን ቅዳሜ ካነበብኳቸው ውስጥ አሥራ አንዱን ግጥም በቃሌ አውቀው ነበር። ቅናተኛ ጥሩ አንባቢ ነው፤ የሚወስደውን አይረሳም። ላስታውስዎ ማለት ነበረብኝ። ብል ግን ያቺኛዋም መምጣቷ ነው፤ ደግሞም እንዴት በቃልህ ያዝከው ሊሉኝ ነው። ክንዳቸውን ይዤ እስከ ባጃጅ ሸኘኋቸው። «ተባረክ» አሉኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። እኔ አልገደልኳቸውም፤ አርጅተው፣ ታመው ነው። ይህን የምጽፈው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ የሆነውን ከሆነው በላይ አግንኖ መናዘዝም ሌላ መታያ ስለሆነ ነው። ነስሩ ለቀብር ሄደ። እኔ ሥራ አለኝ ብዬ ቀረሁ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ሰላማዊት ጥቁር እንደለበሰች ወደ ጥገና ቤቱ መጣች። ነስሩ አልነበረም። ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት፤ ሥራህን አላስፈታህም» አለች። «ያ ነገር እውነት በፍላሼ ነው የመጣው? በሌላ ሊሆን አይችልም?»

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች። «አንድም ቀን አላነሳብኝም እኮ። ሁለት ዓመት። በመጨረሻ አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ። አንድ ቀን ቢሰድበኝ ቀለል ይለኝ ነበር። ደብተር ገዝቼ፣ ንገረኝና እኔ ልጻፍልህ ስለው፣ ‹ተይው ሰላሜ› ነው የሚለኝ። ከእኔ ጋር ስለ ምንም ነገር ማውራት አቆመ። ስለ ዝናብ እንኳ። እና… እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው።»

እነሆ፣ በሩ ተከፈተልኝ። ሊከፈት የሚችለውን ያህል ተከፈተ። አባትየው የሉም፤ መጽሐፉ አይወጣም፤ የምፈራው ነገር ሁሉ አልፏል። የቀረው አንዲት ሴት ናት፤ የምትጠይቀኝም እንድትራገም አይደለም፤ ራሷን ማየት እንድትችል ነው። ምን አልኳት?

«አዎ፤ በፍላሽ ነው» አልኳት።

አንገቷን ነቀነቀች። «እሺ። አመሰግናለሁ፤ ስላልዋሸኸኝ» አለችና ወጣች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ግጥም አልጻፍኩም ማለት ውሸት ይሆናል። ጽፌያለሁ። አንድ መስመር ትንሽ ባማረችኝ ቁጥር ግን የማን ናት እላለሁ። የእኔ መሆኗን የሚመሰክርልኝ ሰው የለም፤ እኔ ራሴም አልታመንም። ነስሩ ጋ መሥራት ተውኩ። ክፍል ቀየርኩ። ሰዎች አሁንም «ለቃሚው» ይሉኛል፤ ከተማ ውስጥ ከስሜ ይልቅ የሚታወቀው እሱ ነው። የጋሼ ደምሴን ስም አንሥተው የማያውቁ ሰዎች በእሳቸው ቃል ይጠሩኛል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ያቺን ሴት፣ ለቃሚዋን፣ ስሟን ማስታወስ አቃተኝ። አሥራ አንዱን ግጥም ከነነጥባቸው አውቃለሁ፤ ስሟን ግን ስሰርቅ ስለማያስፈልገኝ አልያዝኩትም። ጋሼ ደምሴ ግጥሟን ከማስታወሻቸው ያላወጧት ለእሷ ሲሉ ነበር። የምትጀምርበት ፊደል ‹መ› ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም። በዚህ ምድር ላይ ስሟን ጽፎ ያስቀመጠ አንድ ሰው ነበር፤ የጻፈውንም አጠፋሁት።

ይቅርታ ልጠይቃችሁ አስቤ ነበር፤ ግን እናንተን ምን በደልኳችሁ? ወጣት ነበርኩ፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ጭብጨባ ርቦኝ ነበር ማለት እችላለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ ግን ኤልን አይጫንም። የተጫንኩት እኔ ነኝ።

አሥራ አንዱን ግጥም በእጄ ጻፍኳቸው፤ በእያንዳንዱ ሥር «ደምሴ» ብዬ። በአራተኛው፣ በለቃሚዋ ግጥም ሥር ለስሟ ባዶ መስመር ተውኩ። ይህን ጽሑፍም ከላይ አድርጌ፣ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ሊሙ ገነት ወሰድኩት። ሰላማዊት የምታስተምርበት ክፍል በር ላይ ቆማ፣ ተማሪዎቿ እየጠበቋት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። እነዚህን የመጨረሻ መስመሮች የጨመርኩት ስመለስ ነው፤ እናንተ ጋ የደረሰው እሷ ካነበበችው በኋላ ነው።

ምን እንዳለችኝ አልነግራችሁም። መልሷ ለእኔ የሰጠችኝ ነው እንጂ ለአደባባይ አይደለም። ከዚያ ቤት ሳይሰጠኝ አውጥቼ ለሰው ያነበብኩት ይበቃል።